ኧረ ዋጋውን ጻፉት!

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ ትንንሽ ንግዶችና ስለ ቴክኖሎጂ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወፍጮ ቤት ወረፋ እየጠበቅኩ አነበብኩት። ጥሩ ነው። ውሸት የለበትም። ግን ‘ዲጂታል ግብይት’፣ ‘ተደራሽነት’፣ ‘ዕድል’ እያለ ከላይ ከላይ ይሄድና እኔ በየቀኑ ስልኬ ላይ የማየውን ነገር ሳይነካው ያልፋል። እኔ የባልትና ነጋዴ ነኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ አንዳንዴ ቆሎ። ከእናቴ የወረስኩት ሥራ ነው። ዛሬ ከምሸጠው ከግማሽ በላይ የሚወጣው በስልክ ስለሆነ አንድ ሁለት ነገር ብል አያስነቅፈኝም ብዬ ነው የጻፍኩላችሁ።

ዋናውን ልናገር። ቴክኖሎጂው አልጎደለንም። ዋጋ መጻፍ ነው ያቃተን።

አትሳቁ። ባለፈው ወር የላስቲክ ማሸጊያ ማሽን ፈለግኩ፣ ትንሿን፣ በእጅ የምትጫነዋን። ቴሌግራም ላይ አሰስኩ፣ ቲክቶክ ላይ አሰስኩ። መዓት ነው። ፎቶው ያምራል፣ ሙዚቃ አለው፣ ‘ፈጥነው ይዘዙ’ ይላል፣ ስልክ ቁጥር አለው፤ ዋጋ ግን የለም። ‘ዋጋ በኢንቦክስ’። እሺ ብዬ ኢንቦክስ ገባሁ። አንዱ በማግስቱ መለሰ። አንዷ ‘ሰላም እህት፣ የት አካባቢ ነሽ?’ አለችኝ። እኔ የጠየቅኳት ማሽኑ ስንት እንደሆነ ነው፤ ሰፈሬን ምን አመጣው? ሦስተኛው ደግሞ ‘ስንት ልትገዢበት አሰብሽ?’ አለኝ። አራተኛው ቻናል ላይ ከፎቶው ሥር ዋጋው ተጽፏል፣ የማድረሻው ተጽፏል፣ መርካቶ የትኛው ሕንፃ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንዳለ ተጽፏል። ከሌሎቹ ይርከስ ይወደድ እስከዛሬ አላውቅም። ከእሱ ገዛሁ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም።

ለምን እንደማይጽፉት ግን አልጠፋኝም። እኔም መጀመሪያ ላይ አልጽፍም ነበር። ጎረቤት ነጋዴ አይቶ አምስት ብር ቀንሶ ይሸጥብኛል ብዬ እፈራ ነበር። ሌላው ዕቃው እጃቸው ላይ አለመኖሩ ነው። ቴሌግራም ላይ ሱቅ መስሎ የሚታየው ብዙው ሱቅ አይደለም፤ አስመጪው የለጠፈውን ፎቶ ወስዶ በራሱ ቻናል የሚለጥፍ ልጅ ነው። እናንተ ዋጋ ስትጠይቁት እሱ ዞር ብሎ ባለዕቃውን ይጠይቃል፣ የራሱን ይጨምርበትና ይመልስላችኋል። ሥራ ነው፣ አልነቅፈውም፤ ድለላ ድሮም ነበር። መልሱ የሚዘገየው ግን ለዚህ ነው። ‘ኮሜንት ሲበዛ ቪዲዮው ይሰራጫል’ ብለው፣ ሰው ሁሉ ‘ስንት ነው?’ ብሎ እንዲጽፍላቸው ሆን ብለው የሚተዉትም አሉ። ግብር የሚፈራም አለ፤ ብሩ በስልክ እየገባ ዋጋውን መደበቅ ምን እንደሚጠቅም እንጃ።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ሰው አይቶ ዋጋ የሚጠራው ነው። ድሮ ጫማና ሰዓት ያዩ ነበር፣ አሁን ፕሮፋይል ፎቶ ሆነ። የእህቴ ልጅ አንድ ቀሚስ በእኔም ስልክ በራሷም ስልክ ጠየቀች። የእኔ ፎቶ ነጠላ ለብሼ የተነሳሁት ነው፤ የሷ ቦሌ ካፌ ውስጥ መነጽር አድርጋ። የ800 ብር ልዩነት። የረከሰልኝ እኔ ነኝ፣ ነጠላዬ ይባረክ።

ሕጉም ቢሆን አለ እኮ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ እንዲለጥፍ ያዛል። ሱቅ ውስጥ ወረቀት ለጥፈን ስልክ ላይ ስንደርስ ምስጢር የሚሆንበት ነገር አይገባኝም።

የእኔን ልንገራችሁ። ቻናሌ የተከፈተው በ2013 ነው፣ ቴሌብር ግንቦት ላይ ሥራ ጀምሮ ክረምቱ ሲገባ። የከፈተችልኝ ያቺው የእህቴ ልጅ ናት፤ እኔ ያኔ ስልኬን ለመደወልና ለ‘እንኳን አደረሳችሁ’ ብቻ ነበር የምጠቀምበት። ፎቶ አነሳን። በርበሬ በሰፌድ፣ ሽሮ በሰፌድ፣ ጎኑ ላይ አበባ። ማንም አልገዛም። ሦስት ወር ሙሉ ‘ጎበዝ’ ያለኝ ዘመድ ብቻ ነው፣ እሱም አልገዛም።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ደወለች። ‘ሽሮሽ ስንት ነው?’ ነገርኳት። ‘ታዲያ ለምን አትጽፊውም? መጠየቁ አሳፍሮኝ እኮ ነው እስከዛሬ የተውኩት’ አለችኝ። መጠየቁ አሳፍሮኝ! ነገሩ ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። እውነቷን ነው። የእኛ ሰው ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ መሄድ ያሳፍረዋል። ሱቅ ውስጥ ቢሆን ‘እመለሳለሁ’ ብሎ ይወጣል፣ ባይመለስም። ኢንቦክስ ውስጥ ‘እመለሳለሁ’ ብሎ መውጣት ከባድ ነው፤ ስልክ ቁጥሩም ስሙም እኔ ጋ ቀርቷል፣ ነገ ‘እህት፣ ወሰንሽ?’ ብዬ እንደምጨቀጭቀው ያውቃል። ስለዚህ ከመጀመሪያውም አይገባም። ስንቱ ገዢ እንደዚህ በር ላይ ደርሶ እንደተመለሰ ማን ይቆጥረዋል።

በማግስቱ ዝርዝሩን ጻፍኩት። ከነቀኑ። ዋጋ እንደምታውቁት አይቆምም፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ የማሸጊያው ላስቲክ ሳይቀር በየጊዜው ይጨምራል። ስለዚህ ‘የዚህ ሳምንት ዋጋ፣ እስከ ቅዳሜ’ ብዬ ነው የምጽፈው። ሰኞ ጠዋት አስተካክላለሁ። ሲጨምር ለምን እንደጨመረ አንድ መስመር አክላለሁ፤ ‘የማረቆ ዛላ ተወዷል’። ሲቀንስም እቀንሳለሁ። በዓመት አንድ ሁለቴ ቢሆን ነው፣ ግን እቀንሳለሁ። የፈራሁት ጎረቤት ነጋዴም አይቶ ቀነሰ። ይቀንስ። በአምስት ብር የሄደብኝ ሰው ጥቂት ነው፤ ዋጋው ስለተጻፈ ብቻ የመጣው ግን ብዙ ነው።

ቪዲዮው ሌላ ታሪክ ነው። በርበሬ ውስጥ ባዕድ ነገር ይጨመራል የሚባለው ወሬ ብቻ አይደለም፤ ሸክላ ፈጭተው ቀይ አፈር ቀላቅለው ተያዙ ሲባል ዜና ላይ ስንቴ ሰምተናል። ስለዚህ የበርበሬ ገዢ ልቡ አያርፍም። ‘ንጹህ ነው’ ብል ምን ዋጋ አለው? አፈር የቀላቀለውም ‘ንጹህ ነው’ ይላል። አንድ ቀን እኔና ሁለት ሴቶች ግቢ ውስጥ ተቀምጠን በርበሬ ስንቀነጥስ የእህቴ ልጅ ዝም ብላ ቀረጸችን። ሙዚቃ የለው፣ ጽሑፍ የለው። ዛላው ይንኮሻኮሻል፣ አንዷ ስለ ቤት ኪራይ ታማርራለች፣ ሌላዋ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ታስነጥሳለች። ይሄንን ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። ማታ ስልኬ አላርፍ አለ። ሰው የወደደው ማስነጠሱን ነው! ‘ይሄ አፈር አይደለም፣ አስነጠሳት’ ብሎ የጻፈም አለ። ያ ሁሉ በአበባ ያጌጠ ሰፌድ ያላመጣውን ገዢ ማስነጠስ አመጣው።

ከዚያ ወዲህ ሁሉንም እናሳያለን። ስንቀነጥስ፣ ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ወቅጠን ስንደልዝ፣ ጣራ ላይ ስናሰጣ፣ ኮረሪማ ስንፈለፍል። ወፍጮ ቤት ከእኔ በፊት የተፈጨው ተጠርጎ ሲወጣ ሳይቀር ይታያል። አንዴ ዝናብ ድንገት መጥቶ ግቢው ሁሉ በሩጫ በርበሬ ሲያነሳ ተቀርጾ ነበር፤ እኔ ነጠላ ጫማዬ አንዱ ወልቆ፤ አሁንም ድረስ ደንበኛ ‘ጫማሽ ተገኘ?’ ይለኛል።

ቲክቶክና ቴሌግራም አንድ ነገር እንዳልሆኑ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። እናንተም ጽሑፋችሁ ውስጥ ‘ማኅበራዊ ሚዲያ’ ብላችሁ አንድ ላይ አስራችኋቸዋል። ቲክቶክ የማላውቃትን ሴት አምጥቶ በሬ ላይ ያቆማታል፣ ነገ ደግሞ ሌላ በር ላይ ይወስዳታል። ቴሌግራም በራሱ አዲስ ሰው እምብዛም አያመጣም፣ የመጣውን ግን ይይዛል። አንዱ ገበያ መሃል መጮህ ነው፣ አንዱ የደንበኛ ደብተር። ቲክቶክ ላይ ብቻ ያለ ነጋዴ ሲጮህ ይውልና ማታ ባዶ እጁን ይገባል። ፌስቡክ ለእኔ ሁለቱንም አልሆነልኝም፤ ሳይከፈለው ለብዙ ሰው አያደርስም፣ ክፍያው ደግሞ በዶላር ካርድ ነው፣ የዶላር ካርድ ከየት አባቴ አመጣለሁ? ‘ቡስት እናደርጋለን’ ከሚሉት ልጆች ለአንዱ ብር ከፍዬ ሞክሬያለሁ። ላይኩ ጎረፈ። ከየት አገር እንደመጡ የማላውቃቸው ስሞች። ሽሮ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድም አልነበረባቸውም።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትንም ሞክረናል፤ ለቻናሉ ጽሑፍ አጻፍነው። ‘የተከበራችሁ ውድ ደንበኞቻችን፣ የላቀ ጥራት ያለውን የሽሮ ልምድ ያጣጥሙ’ አለ። የሽሮ ልምድ! ተውነው። የሽሮ ፎቶ ሥራልን ስንለው ደግሞ እንፋሎቱ የሚያስጎመጅ፣ መልኩ ግን የድንች ሾርባ የሆነ ነገር አወጣ። የወር ሒሳብ ለመደመር ግን ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም።

የደንበኛ ደብተር ካልኩ አይቀር እውነተኛውን ደብተር ላንሳ። የካቲት 2015 ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘጉ። እስከ ሐምሌ ድረስ ያለ ቪፒኤን አይከፈቱም ነበር። አምስት ወር! በመሃሉ ሁዳዴ አለ፣ ፋሲካ አለ፤ ለባልትና ነጋዴ ይሄ ማለት ምን እንደሆነ እናቶቻችሁን ጠይቁ። ወጣቱ ቪፒኤን ጫነ። የእኔ ደንበኞች አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፣ እነሱ ‘ቴሌግራሙ ተበላሸ’ ብለው ተዉት። ያኔ ነው ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቼ የማስታውሰውን ሁሉ መጻፍ የጀመርኩት። ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ በርበሬው ለስለስ ያለ ይሁን ወይስ የሚያቃጥል፣ ሽሮው ምጥን ይሁን ወይስ ነጭ። በየሁለት ሳምንቱ በተራ የስልክ መልእክት ‘ሽሮ ደርሷል፣ ኪሎው ይህን ያህል’ እያልኩ ላክሁ። እዚያም ላይ ዋጋውን አልተውኩም።

ደብተሩ የለፋሁበትን የመለሰልኝ በ2016 ነው። ፒያሳ ሲፈርስ የእናቴ ሱቅም አብሮ ሄደ። እናቴ በዚያች ጠባብ በር ላይ ስንት ዓመት ተቀምጣ ያፈራችው ደንበኛ አንዱ ወደ ገላን፣ አንዱ ወደ አያት፣ አንዱ ወደ ማላውቀው ሰፈር ተበተነ። ጎረቤቶቼ ነጋዴዎች ሱቅ ብቻ አይደለም የጠፋባቸው፣ ሰዉም ነው። እኔ ደብተሬን አውጥቼ ‘ሱቁ የለም፣ እኔ አለሁ’ ብዬ ለሁሉም ላክሁ። አንዲት የእናቴ ደንበኛ ወዲያው ደውለው ምንም ሳይናገሩ አለቀሱ፣ ከዚያ ‘በይ ሁለት ኪሎ ሽሮ ላኪልኝ ልጄ’ አሉኝ። ሱቁ ቢኖር እኔ ጋ የሚደርሱት በሁለት ታክሲ ነበር። አሁን ሞተረኛ ነው የሚያደርስላቸው፣ የማድረሻው ዋጋም በሰፈር በሰፈር ተጽፏል።

ክፍያው ላይ ብዙ አልልም፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድሮ ለአንድ ኪሎ ሽሮ ባንክ ሄዶ ወረፋ ይዞ አስገብቶ የደረሰኙን ፎቶ መላክ ነበር፤ ማን ያደርገዋል? አሁን ስማርት ስልክ የሌላቸው እማማ ሳይቀሩ *127# ብለው ይከፍሉኛል። ቴሌብር ብቻውን ከ50 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚ አለው፣ ኤምፔሳም ከነሐሴ 2015 ጀምሮ አለ፣ የየባንኩም አለ። እኔን ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ብድሩ ነው። ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ በዳሸን ባንክ በኩል ቴሌብር ላይ የሚሰጠው፣ ማስያዣ የማይጠየቅበት ትንሽ ብድር አለ። ትንሽ ነው፣ ሱቅ አይከፍትም። ግን አዲስ በርበሬ ገበያ ላይ ሲደርስና ዛላው ረከስ ሲል ያ ጥቂት ሺህ ብር በእጅ መኖሩና አለመኖሩ የዓመቱን ትርፍ ይወስናል። ድሮ ለዚህ ነበር አራጣ አበዳሪ በር ላይ የምንቆመው።

ተበልቼም አውቃለሁ። ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ማታ፣ አንድ ሰው አምስት ኪሎ በርበሬና አምስት ኪሎ ሽሮ አዘዘ። የከፈለበትን ስክሪንሾት ላከልኝ። ስሜ አለ፣ ብሩ አለ፣ ሰዓቱ አለ። ሥራ በዝቶብኛል፣ ሞተረኛውን ላክሁት። ሰኞ ሒሳቤን ሳይ የለም። የእህቴ ልጅ ስክሪንሾቱን አጉልታ አሳየችኝ፤ የብሩ ቁጥር ከሌላው ጽሑፍ ወፈር ያለ ነው፣ ከሌላ ቦታ ተቆርጦ የተለጠፈ። ስልኩ ተዘግቷል። ሞተረኛውን ‘ምን ዓይነት ሰው ነበር?’ ብለው ‘በጣም ጨዋ ነው፣ ጉርሻ ሰጠኝ’ አለኝ። ከእኔ ሰርቆ ለእሱ ጉርሻ! ከዚያ ወዲህ ብሩ በራሴ ስልክ ሳይታየኝ ሞተር አይነሳም። ‘አላመንሽኝም?’ ብሎ የሚያኮርፍ ደንበኛ አለ። ያኩርፍ።

ስለ ውጭ አገር ገዢም ጽፋችኋል፤ ‘ዲያስፖራው ትልቅ ገበያ ነው’ ብላችሁ። ነው። ግን ዲያስፖራ ስንል አሜሪካ ያለውን ብቻ እያሰብን ይመስለኛል። እኔ ጋ ብዙ የሚያዙት ዓረብ አገር ሰው ቤት የሚሠሩ ልጆች ናቸው፣ ለራሳቸው ሳይሆን እዚህ ላለችው እናታቸው። አንዷ ዱባይ ናት። የማስነጠሱን ቪዲዮ አይታ ነው የጻፈችልኝ። ለፋሲካ ለእናቷ በርበሬና ሽሮ እንዳደርስላት ፈለገች፤ ገንዘቡን ወንድሟ ከፈለኝ። ‘እትዬ፣ ዋጋውን ጽፈሽ ባላይ ኖሮ አልጠይቅሽም ነበር፤ ከዚህ ነን ስንላቸው እኮ ይጨምሩብናል’ አለችኝ። አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፦ ስናስረክብ እንድንቀርጽላት።

ለሞተረኛ አልሰጠሁትም፣ ራሴ ሄድኩ። ኮልፌ ነው። እማማ በሩን ከፈቱ፣ ነገሩን አስረዳኋቸው፣ አልገባቸውም። ከረጢቱን ተቀብለው ጫፉን ከፈት አድርገው አሸተቱ። ከዚያ ቀና ብለው ‘ራሷ ናት የፈጨችው?’ አሉኝ። ምን ልበል? ‘አዎ እማማ፣ እሷ ናት’ አልኩ። ቪዲዮውን ለልጅቷ ላክሁት። ቻናሌ ላይ አልለጠፍኩትም። የእህቴ ልጅ ‘ይሄ ቢለጠፍ እኮ አገር ያወጣሻል’ ብላ ተቆጣችኝ፤ ልክ ልትሆን ትችላለች፣ ግን የሰው እናት ናት፣ ማስታወቂያ አይደለችም።

ሥልጠናም ተጠርቼ አውቃለሁ፣ የት እንደሆነ ይቅር። ሦስት ቀን ስለ ድረ ገጽ አስተማሩን። ከመካከላችን ድረ ገጽ የከፈተ የለም። ሻይ ሰዓት ላይ አጠገቤ የተቀመጠች የጥበብ ነጋዴ ስልኳን አሳየችኝ፤ የሽሮ ሜዳ ቀሚሶች፣ ጥለታቸው ዓይን የሚይዝ፣ ከሥሩ 40 ሰው ‘ስንት ነው?’ ብሎ ጠይቋል። ለማንም አልመለሰችም። ‘ጊዜ የለኝም’ አለችኝ። ዋጋውን ብትጽፊው እኮ መመለስም አይኖርብሽ ነበር አልኳት። ሳቀች። በሳምንቱ ቻናሏን ከፈትኩት፣ ጽፋለች። ከስድስቱ ቀሚስ አራቱ ሥር ‘ተሽጧል’ ይላል።

የጻፋችሁትን ለመንቀፍ እንዳይመስላችሁ። በሚቀጥለው ስትጽፉ ግን ይሄንን ዋጋ የመጻፍ ነገር አንድ መስመር አስገቡልኝ።

ደግሞ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። በዚያው እትም የማስታወቂያ ገጻችሁ ላይ ያገለገለ ሚዛን ይሸጣል የሚል አየሁ፣ እስከ 100 ኪሎ የሚመዝን። የሚያስፈልገኝ ነው። ከሥሩ ‘ዋጋ በስምምነት’ ይላል። ደወልኩ። ስንት ነው ብለው ‘መጥተሽ እዪውና እንነጋገራለን’ አለኝ ሰውዬው፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ‘የት አካባቢ ነሽ?’

የባልትና ነጋዴዋ
ከአዲስ አበባ